የጾም በያይነቱ ለኩላሊት እጥበት ታካሚ፦ ምን ይታዘዝ፣ ምን ይተው

ረቡዕና ዓርብ ምሳ ሰዓት ላይ አዲስ አበባ ውስጥ በያይነቱ የሌለበት ምግብ ቤት ማግኘት ይከብዳል። መሃል ላይ ሽሮ፣ ግራና ቀኝ ምስርና ክክ፣ ዙሪያውን ጎመን፣ ድንች በካሮት፣ ቀይ ሥር፣ ፎሶሊያ፣ ጥግ ላይ ደግሞ የቲማቲም ሰላጣ። ለጤነኛ ሰው እጅግ የተሟላ ገበታ ነው። ለኩላሊት እጥበት ታካሚ ግን ይኸው ትሪ በአንድ መቀመጫ የቀኑን ፖታስየም በሙሉ ሊያስገባ ይችላል፤ ኩላሊቱ የማያስወጣው ፖታስየም ደግሞ ደም ውስጥ ተከማችቶ የልብ ምትን ያዛባል። አንዳንዱ ታካሚ «በያይነቱ ክልክል ነው» ሲባል ሰምቶ እርም ይላል፤ ሌላው «የጾም ምግብ ቀላል ነው» ብሎ ትሪውን ያጸዳል። ሁለቱም ይጎዳሉ። የመጀመሪያው የሚበላው እየጠፋበት ክብደቱንና ጡንቻውን ያጣል፤ ሁለተኛው ልቡን ለአደጋ ያጋልጣል።

ስለዚህ እዚህ የምንገመግመው አንድን ምግብ ቤት ሳይሆን ትሪውን ነው፤ በየምግብ ቤቱ በሚሠራበት መንገድ፣ ወጡን በየዓይነቱ እያየን። ቁጥሮቹ ከምግብ ይዘት ሠንጠረዦች የተሰሉ ግምቶች ናቸው፤ የአንዱ ጭልፋ ከሌላው ስለሚለያይ እንደ መመሪያ እንጂ እንደ ሚዛን አይያዙ።

መለኪያችን አንድ ጥያቄ ነው፦ የተቀቀለበት ውኃ ተደፍቷል ወይስ ወጡ ውስጥ ቀርቷል? ፖታስየም ውኃ ውስጥ የሚሟሟ ማዕድን ነው። እሳት አያጠፋውም፣ ዘይትም አይቀንሰውም፤ ከአትክልቱ ወጥቶ ውኃው ውስጥ ይገባል፣ ውኃው ከተደፋ አብሮ ይሄዳል፣ ካልተደፋ እዚያው ነው። «ጎመን ይፈቀዳል፣ ድንች ይከለከላል» የሚለው ዝርዝር ጠቃሚ ቢሆንም ምግብ ቤት ውስጥ በቂ አይደለም፤ አንዱ አትክልት እንደ አሠራሩ ሁለት የተለያየ ምግብ ይሆናል።

ለማመዛዘን ያህል የቀኑን ልክ እናስቀምጥ። 60 ኪሎ ለሚመዝን ታካሚ የሚመከረው ፕሮቲን በቀን ከ60 እስከ 72 ግራም ነው፤ ለእያንዳንዱ ኪሎ ከ1.0 እስከ 1.2 ግራም ማለት ነው። ፖታስየም እንደ ደም ምርመራው ውጤት የሚወሰን ቢሆንም አብዛኛውን ጊዜ ከ2,000 እስከ 3,000 ሚሊግራም ባለው ውስጥ ይያዛል። ፎስፈረስ ከ800 እስከ 1,000 ሚሊግራም፣ ሶዲየም ከ2,300 ሚሊግራም በታች፤ ይህም ምግቡ ውስጥ ያለው ሁሉ ተደምሮ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው ነው።

ከአረንጓዴው እንጀምር፣ ምክንያቱም ትልቁ ስህተት የሚሠራው እዚህ ላይ ነው። ጎመንና ቆስጣ ትሪው ላይ ሲቀርቡ ይመሳሰላሉ፤ አስተናጋጁም ሁለቱንም «ጎመን» ሊላቸው ይችላል። የሐበሻ ጎመን በልማዱ ተቀቅሎ፣ ተጨምቆ፣ ከዚያ በሽንኩርትና በዘይት ይቁላላል። ተቀቅሎ ውኃው የተደፋለት 100 ግራም ጎመን ከ120 እስከ 230 ሚሊግራም ፖታስየም ይኖረዋል። ለእጥበት ታካሚ ይህ ከትሪው ሁሉ ምርጡ ነው፤ ሦስት አራት የሾርባ ማንኪያ ያለ ስጋት ይበላል። ቆስጣ ግን ተቀቅሎ ውኃው ቢደፋ እንኳ በ100 ግራም 550 ሚሊግራም ገደማ ይቀረዋል። ምግብ ቤቶች ደግሞ ቶሎ ስለሚበስል ብዙ ጊዜ ሳይቀቅሉት በቀጥታ መጥበሻ ላይ ይጨምሩታል። እሳት ሲነካው በጣም ስለሚሟሽሽ ትንሽ የሚመስለው ቁልል ብዙ ጥሬ ቅጠል ነው። ሲያዝዙ «ጎመኑ የሐበሻ ጎመን ነው ቆስጣ?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። ቆስጣ ከሆነ ይቅር፤ በምትኩ ጥቅል ጎመን ወይም ፎሶሊያ ይጨመር ቢባል የሚከለክል የለም።

ሽሮ ላይ ረዘም እንበል፤ በያይነቱን ያለ ሽሮ የሚያስበው የለምና። የሽምብራ ዱቄት በ100 ግራም 850 ሚሊግራም ያህል ፖታስየም፣ ከ300 ሚሊግራም በላይ ፎስፈረስ፣ 22 ግራም ገደማ ፕሮቲን አለው። ባቄላና አተር የተቀላቀለበት ምጥን ሽሮም ከዚህ አያንስም። ሽሮ ሲሠራ የሚደፋ ውኃ የለም፤ ዱቄቱ ከነሙሉ ማዕድኑ ወጡ ውስጥ ይገባል። ለአንድ ሰው የሚቀርበው ሽሮ ከ40 እስከ 50 ግራም ዱቄት ስለሚወስድ ከ340 እስከ 420 ሚሊግራም ፖታስየም ይሆናል፤ የበርበሬው ሳይታሰብ ነው። ተጋቢኖ ደግሞ ወፍራም ነው፤ በሸክላ እየፈላ የሚመጣው አንዱ ድስት 70 ወይም 80 ግራም ዱቄት ሊኖረው ስለሚችል ብቻውን ከ600 ሚሊግራም ያልፋል። ፈሰስ ያለው ሽሮ በአንድ ጭልፋ የሚኖረው ዱቄት ያነሰ ነው፤ ነገር ግን አብዛኛው ውኃ ስለሆነ ከፈሳሽ ልኬታችሁ ላይ ይቀነሳል። 100 ሚሊሊትር የሚይዝ ጭልፋ ቀጭን ሽሮ የበላ ሰው ከ80 ሚሊሊትር ያላነሰ ፈሳሽ እንደጠጣ ይቁጠረው። እኛ የምንመክረው ቀጭኑን ነው፤ ግማሽ ጭልፋ፣ በተለየ ሳህን። እንጀራው ላይ ሲፈስ እንጀራው ይጠጣዋል፣ መጠኑም ከዓይን ይጠፋል። «ሽሮውን በሳህን ለብቻው አምጪልኝ እህቴ፣ እንጀራው ላይ አታፍስሺው» ማለት ከሁሉ ቀላሉና ከሁሉ የሚጠቅመው ትእዛዝ ነው።

ምስር ወጥ በሁለት መንገድ ይሠራል። አንዱ ምስሩን ለብቻው ቀቅሎ፣ ውኃውን አጥልሎ፣ ከዚያ ቁሌቱ ውስጥ መጨመር ነው። ሌላው ጥሬውን ምስር ቁሌት ላይ አድርጎ ውኃ እየጨመሩ ማብሰል ነው። በመጀመሪያው መንገድ ብዙ ፖታስየም ከውኃው ጋር ይደፋል፤ በሁለተኛው ምንም አይወጣም። የበሰለ ምስር በ100 ግራም 370 ሚሊግራም ገደማ ፖታስየም፣ 180 ሚሊግራም ፎስፈረስና 9 ግራም ፕሮቲን አለው። ምግብ ቤቶች የቀቀሉበትን ውኃ ጣዕም አለው ብለው እዚያው ስለሚመልሱት ሁለተኛውን መንገድ መገመት ይሻላል፤ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ይበቃል። ክክ አልጫም እንደዚሁ ነው፤ ውኃው ውስጥ እስኪፈርስ ስለሚበስል የሚደፋ ነገር የለውም። በርበሬ የለበትም ተብሎ «ለታመመ ሰው አልጫ ይሻላል» የሚባለው ለጨጓራ እንጂ ለፖታስየም አይሠራም። ምስርና ክክ አንድ ላይ አይበሉ፤ አንዱን ምረጡ።

ብዙ ሰው የሚያልፈው አዚፋ ግን እዚህ ቦታ ይገባዋል። ድፍኑ ምስር በብዙ ውኃ ተቀቅሎ፣ ውኃው ተደፍቶ፣ ተድጦ፣ በሎሚ፣ በሰናፍጭ፣ በሽንኩርትና በቃሪያ ይለወሳል። በርበሬ የለበትም፤ ሎሚውና ሰናፍጩ ጣዕም ስለሚሰጡ ጨውም ብዙ አይፈልግም። ምግብ ቤቱ አዚፋ ካለው የምስር ወጡን ትቶ እሱን ማዘዝ የተሻለ ነው።

ድንችና ቀይ ሥር ላይ የምግብ ቤቱ ልማድ ከታካሚው ፍላጎት ጋር በቀጥታ ይጋጫል። ሁለቱም ከነልጣጫቸው ድፍናቸውን ይቀቀላሉ፣ ከዚያ ተልጠው ይከተፋሉ። ልጣጩ ማዕድኑን አፍኖ ስለሚይዝ የሚወጣው ጥቂት ነው። ድንች በ100 ግራም ከ330 እስከ 380 ሚሊግራም፣ ቀይ ሥር 300 ሚሊግራም ገደማ ይዘው ትሪው ላይ ይደርሳሉ። ድንች ማጣት ለማይችል ሰው መንገዱ ቤት ውስጥ ነው፦ ልጦ፣ በጣት ጥፍር መጠን በትንንሹ ከትፎ፣ የድንቹን አምስት እጥፍ በሚሆን ውኃ ማፍላት፣ ያንን ውኃ መድፋት፣ በአዲስ ውኃ እስኪበስል እንደገና መቀቀልና እሱንም መድፋት። በዚህ አሠራር ፖታስየሙ በግማሽ ወይም ከዚያ በላይ ይቀንሳል። ሌሊቱን በቀዝቃዛ ውኃ ዘፍዝፎ ማሳደር ብቻውን የሚያወጣው እጅግ ጥቂት ነው፤ መፍላቱ ነው የሚያወጣው። ብዙ ቤት ዘፍዝፎ አሳድሮ በትንሽ ውኃ ይቀቅልና «ታጥቧል» ይላል፤ የደም ምርመራው ግን ያንን አያሳይም። ያ ውኃ ለሾርባ ወይም ለወጥ መልሶ ከገባ ደግሞ ሥራው ሁሉ ከንቱ ነው።

ፎሶሊያ፣ ካሮትና ጥቅል ጎመን በመጥበሻ በራሳቸው ውኃ ስለሚበስሉ የሚደፋላቸው የለም፤ ነገር ግን የፎሶሊያና የጥቅል ጎመን መነሻ ዝቅተኛ ነው። ፎሶሊያ በ100 ግራም 210፣ ጥቅል ጎመን 170፣ ካሮት ግን 320 ሚሊግራም ገደማ። ሁለት ሁለት የሾርባ ማንኪያ ችግር የለውም፤ ድንቹን ከመካከሉ ለቅሞ መተው ነው።

ቲማቲም ላይ ሰላጣው ብቻ ሲፈራ ድልሁ ይረሳል። ጥሬ ቲማቲም በ100 ግራም 240 ሚሊግራም ያህል ነው፤ ከሰላጣው ሁለት ማንኪያ መቅመስ አይጎዳም። የቲማቲም ድልህ ግን ውኃው ስለተነነ በ100 ግራም 1,000 ሚሊግራም ይደርሳል፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ 160። ሽሮውም ምስሩም ሥልሱም ድልህ ሲገባበት ይደማመራል። በርበሬም እንደዚያው ነው፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ ደረቅ በርበሬ 150 ሚሊግራም ገደማ ይይዛል። ቀይ የበዛበት ወጥ ሁሉ በዚህ ዓይን ይታይ። የሱፍ ፍትፍትና የተልባ ፍትፍት ከትሪው ውጪ ይሁኑ፤ ሁለቱም ቅባት እህሎች በፎስፈረስም በፖታስየምም ከፍ ያሉ ናቸው፣ በዚያ ላይ በውኃ ተበጥብጠው ስለሚቀርቡ ፈሳሽም ይጨምራሉ። በሰላጣው ላይ አቮካዶ ካለ ይነሳ፤ በ100 ግራም 485 ሚሊግራም ነው።

እንጀራውን ከወጡ ለይቶ የሚቆጥር ታካሚ ጥቂት ነው፤ ትልቁ ድርሻ ግን የእሱ ነው። የጤፍ ዱቄት በ100 ግራም 430 ሚሊግራም ያህል ፖታስየም፣ በተመሳሳይ መጠን ፎስፈረስና 13 ግራም ፕሮቲን አለው። አንድ ሙሉ የምግብ ቤት እንጀራ ከ110 ግራም ያላነሰ ዱቄት ስለሚወስድ ከ450 ሚሊግራም በላይ ፖታስየም ሊያስገባ ይችላል፤ በጥቅል የሚመጣው ጭማሪ ሳይቆጠር ነው። ሊጡ ላይ የሚጠለለው ውኃ ሲደፋ ጥቂቱ ይሄዳል፤ ስለዚህ ውኃውን በደንብ የሚደፋ ጋጋሪ ለታካሚ የተሻለ እንጀራ ይጋግራል። መቡካቱ በሌላ በኩል የሚያመጣው ነገር አለ። በእህልና በጥራጥሬ ውስጥ ያለው ፎስፈረስ ፋይቴት በሚባል ነገር ስለታሰረ ሰውነት በከፊል ብቻ ነው የሚወስደው፤ እርሾው ያንን እስር ይፈታዋል። ለብረት መዋጥ ጥሩ ነው፤ ለእጥበት ታካሚ ግን የእንጀራው ፎስፈረስ ካልቦካ ቂጣ ይልቅ በቀላሉ ደም ውስጥ ይገባል ማለት ነው። ግማሽ እንጀራ ይብቃ። እንጀራ ላይ ጨው ስለማይገባ ከዳቦ የሚሻልበት ጎንም አለው። ሩዝ የተቀላቀለበት እንጀራ ካለ በሁለቱም ማዕድናት ይቀንሳል፤ አንዳንድ ሰው «ንጹሕ ጤፍ አይደለም» ብሎ የሚንቀው ለእጥበት ታካሚ መልካም ምርጫ ነው።

አሁን ድምሩን እንመልከት። አንድ ሙሉ እንጀራ፣ ሽሮ፣ ምስር፣ ክክ፣ ቆስጣ፣ ድንች በካሮት፣ ቀይ ሥርና ሰላጣ ያለው ሙሉ ትሪ ለአንድ ሰው 2,500 ሚሊግራም ያህል ፖታስየም ይሆናል። ግማሽ እንጀራ፣ ግማሽ ጭልፋ ሽሮ፣ ሦስት ማንኪያ አዚፋ ወይም ምስር፣ አራት ማንኪያ የሐበሻ ጎመን፣ ሁለት ሁለት ማንኪያ ፎሶሊያና ጥቅል ጎመን ሲሆን ከ800 እስከ 900 ይወርዳል። ይህ ለአንድ ምሳ የሚቻል መጠን ነው።

ጨው በተመለከተ ምግብ ቤቶችን በቀላሉ አናልፋቸውም። በርካታ ወጥ ቤቶች ሽሮውንም አትክልቱንም በኩብ ቅመም ያጣፍጣሉ፤ ከኩቡ ክብደት ግማሽ ያህሉ ወይም ከዚያ በላይ ጨው ነው። ከዚያ ላይ ለብቻው ጨው ይጨመራል፣ ጠረጴዛው ላይ ደግሞ ጨው ያለበት ሚጥሚጣና አዋዜ ይቀርባል። የጨው ጉዳቱ በጥም ይመጣል። 8 ግራም ያህል ጨው ሰውነት ውስጥ አንድ ሊትር ውኃ ይይዛል፤ ጨው የበላ ሰው እስኪጠጣ ድረስ ጥሙ አይለቀውም። «ውኃ ቀንስ» እየተባለ ጨውን ሳይቀንስ የሚታገል ታካሚ በጥም ይሰቃያል፣ በመጨረሻም ይጠጣል፣ በሚቀጥለው እጥበት ከደረቅ ክብደቱ (ትርፍ ውኃ ሳይኖረው ከሚመዝነው) በላይ ብዙ ኪሎ ይዞ ይመጣል፤ ያ ሁሉ በአራት ሰዓት ውስጥ ሲወጣ ግፊቱ ይወርዳል፣ ጡንቻው ይኮማተራል። «ኩብ ሳይገባበት የተሠራ አለ?» ተብሎ ይጠየቅ። አብዛኛውን ጊዜ ሰላጣው፣ አዚፋውና አዲስ የሚቁላላው ፎሶሊያ ያለ ኩብ ሊሠሩ ይችላሉ፤ ጠዋት በትልቅ ድስት የተሠራው ሽሮ ግን አይቻልም።

እዚህ ላይ ጠንከር ብለን የምንለው አንድ ነገር አለ። ሶዲየሙ የተቀነሰ፣ «ለልብና ለግፊት ተስማሚ» የሚባል ጨው በሱፐርማርኬት ይሸጣል፤ ከውጭ የሚመጣ ዘመድም ለታመመው በስጦታ ያመጣዋል። ሶዲየሙ የተተካው በፖታስየም ክሎራይድ ነው። አሜሪካ ከሚሸጡት ውስጥ ኖሶልት የሚባለው በሩብ የሻይ ማንኪያ 640 ሚሊግራም፣ ሞርተን ላይት ሶልት ደግሞ 350 ሚሊግራም ፖታስየም አላቸው። ግፊት ብቻ ላለበት ኩላሊቱ ደህና ለሆነ ሰው ይጠቅሙ ይሆናል። ለእጥበት ታካሚ ግን ከቤት መውጣት አለባቸው፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ብቻ ከቀኑ ልክ ሊያልፍ ይችላል።

የዘይቱ ብዛት ሌሎች ገምጋሚዎች የሚነቅፉት ነገር ነው። እኛ እዚህ አንነቅፈውም። ዘይት ፖታስየምም ፎስፈረስም የለውም፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ 120 ካሎሪ ይሰጣል። የምግብ ፍላጎቱ ለጠፋበት፣ እየከሳ ላለ ታካሚ ዘይት ያለው ጎመን ኃይል የሚያስገባበት ቀላል መንገድ ነው። ውፍረት ወይም የኮሌስትሮል ችግር ያለበት ሰው ልኩን ከሐኪሙ ጋር ይወስን።

ከባዱ ጉድለት ፕሮቲኑ ላይ ነው። ያስተካከልነው ትሪ ቢበዛ ከ15 እስከ 20 ግራም ፕሮቲን ይሰጣል፤ ከቀኑ ፍላጎት ከሦስት አንድ እጅ ያነሰ ነው። እጥበቱ ራሱ በእያንዳንዱ ጊዜ ከ6 እስከ 12 ግራም አሚኖ አሲድ ከደም ያወጣል። ስለዚህ በያይነቱ በሳምንት አንድ ሁለት ቀን የሚበላ ምሳ እንጂ ለሙሉ ጾም ወራት ብቸኛ ምግብ ሊሆን አይገባውም። 100 ግራም የበሰለ ቀይ ሥጋ 26 ግራም ያህል ፕሮቲን በ330 ሚሊግራም ገደማ ፖታስየም ይሰጣል፤ ያንኑ ፕሮቲን ከምስር ለማግኘት 300 ግራም ያህል መብላት ያስፈልጋል፣ ፖታስየሙም ከ1,000 ያልፋል። እንቁላል ደግሞ አንዱ 6 ግራም ፕሮቲን በ70 ሚሊግራም ፖታስየም ብቻ ይሰጣል፤ ፎስፈረሱ ያለው በአስኳሉ ነው፣ ነጩ ከሞላ ጎደል ንጹሕ ፕሮቲን ነው። በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ውስጥ የእጥበት ታካሚ ምን እንደሚያደርግ ከሐኪሙና ከንስሐ አባቱ ጋር አስቀድሞ መነጋገር አለበት። ለታመመ ሰው ጾሙን የማቅለል ሥርዓት አለ፤ ሳይጠይቁ በዝምታ መክሳት አያስፈልግም። አልቡሚን የሚባለው የደም ፕሮቲን ሲወርድ፣ የእግር እብጠት ሲመጣና ጉልበት ሲከዳ መልሶ ለማንሳት ወራት ይፈጃል።

ቀኑንም መምረጥ ይቻላል። በገንዘብም በቦታም እጥረት በኢትዮጵያ ብዙ ታካሚዎች በሳምንት ሦስት ጊዜ ሳይሆን ሁለት ጊዜ ነው የሚታጠቡት። ሰኞና ሐሙስ የሚታጠብ ሰው ረቡዕ በያይነቱ ቢበላ በማግስቱ ይታጠባል። ዓርብ ከበላ ግን እስከ ሰኞ ያለው ረጅሙ ክፍተት ገና መጀመሩ ነው፤ ቅዳሜና እሑድ የሚበላው ሁሉ ከላዩ ይደመርበታል። ማክሰኞና ዓርብ ለሚታጠብ ደግሞ ረቡዕ በአጭሩ ክፍተት ውስጥ ነው፤ ዓርብ ከእጥበት በኋላ የሚበላው ግን እስከ ማክሰኞ ይቆያል። «ማሽን ላይ ስለሆንኩ አሁን የፈለግኩትን ልብላ» ብሎ በእጥበት ሰዓት ሙዝና ብርቱካን መብላትም አይሠራም፤ ምግቡ ተፈጭቶ ደም ውስጥ እስኪገባ ብዙው የእጥበት ሰዓት ያልፋል፣ የቀረው ፖታስየም ከማሽኑ ከወረዱ በኋላ ይከማቻል።

የፎስፈረስ መድኃኒት የታዘዘለት ሰው፣ ካልሲየም ካርቦኔትም ይሁን ሴቬላመር፣ ከምግቡ ጋር እንጂ ቤት ገብቶ ማታ አይውሰደው። መድኃኒቱ የሚሠራው አንጀት ውስጥ ከምግቡ ጋር ሲገናኝ ነው፤ ከሁለት ሰዓት በኋላ የተዋጠ የሚይዘው ፎስፈረስ አያገኝም። ምሳ ውጭ የሚበላ ታካሚ ኪሱ ውስጥ ይዞ ይሂድ፣ ከመጀመሪያዎቹ ጉርሻዎች ጋር ይውሰድ።

መጠጡ ላይ አጭር እንሁን። የማይሸና ታካሚ የቀኑ ፈሳሽ ከ500 እስከ 750 ሚሊሊትር ከሆነ አንድ ጠርሙስ ለስላሳ 300 ሚሊሊትሩን ይወስዳል። ኮላ ደግሞ ፎስፎሪክ አሲድ ስላለበት ይቅር። አንድ ሲኒ ቡና ይፈቀዳል። የብርቱካን፣ የአቮካዶና የጓቫ ጭማቂ አይታዘዙ። የስኳር ሕመም ያለበት ታካሚ ስኳሩ ከወረደበት በብርቱካን ጭማቂ ሳይሆን በስኳር ወይም በከረሜላ ይመልሰው።

ይህ ሁሉ በደማቸው ውስጥ ያለው ፖታስየም ከፍ ለሚል ሰዎች ነው። ከእጥበት በፊት የሚወሰደው የደም ፖታስየም ውጤት በሊትር 3.5 ሚሊሞል ወይም ከዚያ በታች የሆነ፣ ተቅማጥ ያለበት ወይም በሆድ በኩል የሚታጠብ ሰው አትክልቱን በዚህ ልክ መቁረጥ ላያስፈልገው፣ እንዲያውም ሊጎዳው ይችላል። ሆድ ድርቀት ያለበት ደግሞ አትክልቱን ፈጽሞ መተው የለበትም። ኩላሊት ሥራ ሲያቆም አንጀት የተወሰነውን ፖታስየም በሰገራ ያስወጣል፤ ሆድ ሲደርቅ ያ መንገድ ይዘጋል። ጎመኑና ፎሶሊያው ለዚህ ያገለግላሉ። ከምግብ በኋላ እግር መዛል፣ የልብ መዝለል ወይም መዘግየት፣ የአፍ አካባቢ መደንዘዝ ከመጣ የሚቀጥለው እጥበት እስኪደርስ አይጠበቅም፤ ወዲያውኑ ድንገተኛ ክፍል መሄድ ነው። ፖታስየም ምንም ምልክት ሳይሰጥም ከፍ ሊል ስለሚችል ምርመራውን ማስቀረት አደገኛ ነው።

በዋሽንግተንና በሌሎች የአሜሪካ ከተሞች ባሉ የሐበሻ ምግብ ቤቶች ትሪው በሁለት ነገር ይለያል። ጎመኑ ብዙውን ጊዜ ኮላርድ የሚባለው የጎመን ዓይነት ነው፤ ተቀቅሎ ውኃው ከተደፋለት በ100 ግራም 120 ሚሊግራም ገደማ ስለሆነ እፎይ ብሎ የሚበላ ነው። እንጀራው ግን ብዙ ቦታ ጤፍ ብቻ አይደለም፤ ሰልፍ ራይዚንግ የሚባለው፣ ሊጥ ማስነሻው (ቤኪንግ ፓውደር) አብሮ የተቀላቀለበት የስንዴ ዱቄት ይገባበታል። ይህ ዱቄት በ100 ግራም 600 ሚሊግራም ያህል ፎስፈረስና 1,200 ሚሊግራም ገደማ ሶዲየም አለው፤ ተራ የስንዴ ዱቄት ፎስፈረሱ 110 እንኳ አይሞላም። ልዩነቱ የመጣው ከተጨመረው ፎስፌት ነው፤ ይህ ደግሞ እንደ ጥራጥሬው የታሰረ ሳይሆን ከ90 በመቶ በላይ ወደ ደም የሚገባ ነው። ስለዚህ እዚያ ያለ ታካሚ ከወጡ በፊት ስለ ዱቄቱ ይጠይቅ፦ «እንጀራው በምንድን ነው የተጋገረው?» መልሱ ጤፍ ወይም ጤፍና ሩዝ ከሆነ ግማሹን ይብላ፤ ሰልፍ ራይዚንግ ካለበት ወጡን በነጭ ሩዝ ያስቀርብ፣ ሩዙም ያለ ጨው የተቀቀለ መሆኑን ያረጋግጥ።